የደጋኑ ስንጥቅና የሠሪው ኃላፊነት

በአሜሪካ ለአደን የሚሸጥ መስቀለኛ ቀስት ከፋብሪካ ሲወጣ፤ በካርቶኑ ውስጥ አንድ የታተመ ወረቀት አብሮት ይወጣል። ወረቀቱ ሠሪው ስለ ዕቃው ደኅንነት ለገዢው የሚሰጠውን ዋስትና የያዘ ሲሆን፤ ብዙው ሰው ሳያነበው ከካርቶኑ ጋር ይጥለዋል። የሚታወሰውም የመጸው የአጋዘን አደን ወቅት ደርሶ፤ ገዢው ደጋኑን ለመገተር ሲነሣ በአንደኛው ክንድ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያየ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ደረሰኙን ፈልጎ፤ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሻጩ ይሄዳል። ሻጩም ወደ ፋብሪካው ይልክለታል። ከፋብሪካው የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ ጉድለቱ የሠሪው ስለሆነ ይጠገናል ወይም ይለወጣል የሚል፤ ወይም ደጋኑ ያለ ፍላጻ ስለተለቀቀ ዋስትናው አይመለከተውም የሚል።

ከእነዚህ መልሶች በስተጀርባ ያለው ጥያቄ፤ ይኸውም መሣሪያ ሲበላሽ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው፤ ዕድሜው ከመስቀለኛ ቀስቱ ዕድሜ ብዙም የሚያንስ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1974 በቻይና ሺያን ከተማ አጠገብ የውኃ ጉድጓድ ይቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ210 የሞተውን የመጀመሪያውን የቺን ንጉሠ ነገሥት መቃብር እንዲጠብቅ የተቀበረውን የሸክላ ሠራዊት አገኙ። ሠራዊቱ የታጠቀው እውነተኛ መሣሪያ ነበር። የመስቀለኛ ቀስቶቹ እንጨት በስብሶ ቢጠፋም፤ ከነሐስ የተሠሩት ከሁለት መቶ በላይ የሆኑ ምላጮችና ወደ 40,000 የሚጠጉ የፍላጻ ጫፎች ተርፈዋል። ምላጩ በመሠረቱ አውታሩን የሚይዝ መንጠቆ፤ መንጠቆውን የሚደግፍ ቁራጭና በጣት የሚሳበው ዘንግ በሁለት ካስማዎች ተያይዘው የሚሠሩበት መሣሪያ ነው። ሦስቱ ቁርጥራጮች እርስ በርስ በትክክል ካልገጠሙ፤ አውታሩ ወይ አይለቅም፤ ወይም ሳይታሰብ ይለቃል።

በ2014 የታተመ የምርምር ውጤት እንዳስረዳው፤ የምላጮቹ መጠን ሲለካ እጅግ የተቀራረበ ይሁን እንጂ አንድ ወጥ አይደለም። የአንዱ ቡድን ሥራ ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። ይህም የሚያሳየው ሥራው በዛሬው የፋብሪካ ተከታታይ መስመር ሳይሆን፤ እያንዳንዱ ቡድን ሙሉውን ዕቃ ሠርቶ በሚያስረክብበት ሥርዓት ይካሄድ እንደነበር ነው። በብዙዎቹ ቁርጥራጮች ላይም የተጫሩ ቁጥሮችና ምልክቶች ይገኛሉ። መለዋወጫን ከማይገጥም ዕቃ ጋር ሲታገል የዋለ የዛሬ መካኒክ፤ እነዚህ ጭረቶች ለምን እንዳስፈለጉ ለመረዳት አይቸገርም።

የዚያው ዘመን የነሐስ ጦሮች ደግሞ ከዚህ አልፈው ይሄዳሉ። በበርካታዎቹ ላይ የተሠሩበት ዓመት፤ የበላይ ኃላፊው ጠቅላይ ሚኒስትር ሉ ቡዌይ፤ ከዚያም የወርክሾፑ ሹምና ረዳቱ፤ በመጨረሻም የእጅ ሠራተኛው በስማቸው ተቀርጸዋል። በ1975 በሁቤይ ክፍለ ሀገር ሹይሁዲ ከተባለ ስፍራ፤ ከአንድ ዝቅተኛ ሹም መቃብር ከሺህ የሚበልጡ የቀርከሃ ሰሌዳዎች በመገኘታቸው የዚህ ስም አጻጻፍ ምክንያት ግልጽ ሆኗል። በሰሌዳዎቹ ላይ ከተጻፉት የቺን ሕጎች አንዱ፤ ለወታደር የታደለ መሣሪያ በደንብ የተሰናዳ ሆኖ ካልተገኘ የግምጃ ቤቱ ሹምና ባልደረቦቹ እያንዳንዳቸው የሁለት ጥሩር መቀጮ ከፍለው ከሥራ እንዲሰናበቱ ያዛል።

እንግዲህ የተበላሸን መሣሪያ ወደ ኃላፊው መልሶ የሚያደርስ መንገድ ገና ያኔ ተጠርጎ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን መንገዱ የተጠረገው ለመንግሥት እንጂ ለባለ መሣሪያው አልነበረም። መቀጮው ወደ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ምላጩ ከድቶት ጣቱን ያጣ ቀስተኛ ግን ከእነዚህ አንቀጾች የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም።

የገዢው መብት የበቀለው ከሌላ ስፍራ፤ ከገበያ ነው። በጥንቷ ሮም ገበያን የሚቆጣጠሩት ሹማምንት ባወጡት ደንብ፤ ባሪያና የጋማ ከብት የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን ጉድለት አስቀድሞ እንዲናገር ይገደድ ነበር። ሳይናገር ከሸጠ ገዢው በስድስት ወር ውስጥ መልሶ ገንዘቡን መውሰድ፤ ወይም በዓመት ውስጥ ዋጋ ማስቀነስ ይችላል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1603 የያዘው አቋም ከዚህ በብዙ የራቀ ነው። አንድ ወርቅ ሠሪ የመድኃኒት ድንጋይ ነው ብሎ በ100 ፓውንድ የሸጠው ድንጋይ ሌላ ሆኖ ቢገኝ፤ ሻጩ «ነው» አለ እንጂ «ዋስ ነኝ» አላለም ተብሎ ገዢው ተረታ። በዚህ አስተሳሰብ ዓይኑን ገልጦ ያልገዛ ሰው የሚጮኸው በራሱ ላይ ነው።

ፋብሪካ ሲስፋፋ ችግሩ መልኩን ለወጠ። ሠሪው ለነጋዴ ይሸጣል፤ ነጋዴው ለገዢ ይሸጣል፤ ሠሪውና ገዢው ግን ውል የላቸውም። በ1842 በእንግሊዝ አገር የፖስታ ሠረገላ ተሰብሮ የቆሰለ ነጂ ሠረገላውን ለማደስ የተዋዋለውን ሰው ቢከስስ፤ ከአንተ ጋር አልተዋዋለም ተብሎ ተመለሰ። ይህን አጥር በአሜሪካ ያፈረሰው በ1916 የኒው ዮርክ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በቢዩክ አውቶሞቢል ላይ የሰጠው ፍርድ ነው። የተሰበረው መንኰራኩር ከእንጨት የተሠራ ሲሆን፤ ቢዩክ ራሱ ሠርቶት ሳይሆን ከሌላ ገዝቶ የገጠመው ነበር። ዳኛው ካርዶዞ ዕቃውን ገጣጥሞ በስሙ የሚሸጥ ፋብሪካ የመመርመር ግዴታ አለበት ብለው ወሰኑ።

ፋብሪካዎቹም በበኩላቸው ዋስትናን ወደ ጋሻ መለወጥ ተማሩ። የአውቶሞቢል ሠሪዎች የጋራ የዋስትና ጽሑፍ ለ90 ቀን ወይም ለ4,000 ማይል የተበላሸ ክፍል እንለውጣለን ካለ በኋላ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ኃላፊነት ሁሉ በደቃቅ ፊደል ይሰርዝ ነበር። የኒው ጀርዚ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1960 ይህን ስረዛ አልተቀበለውም።

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚጥመው ግን የ1963ቱ የካሊፎርኒያ ፍርድ ነው። አንዲት ሴት ለባሏ ለገና በዓል እንደ ቶርኖም እንደ መጋዝም የሚያገለግል የቤት ውስጥ መሣሪያ ገዝታ ሰጠችው። ሰውየው እንጨት ሲያሽከረክር የማጥበቂያ ብሎኖቹ ንዝረቱን መቋቋም አቅቷቸው ላሉ፤ እንጨቱም ተፈናጥሮ ግንባሩን መታው። ኩባንያው ጉዳቱ በጊዜው አልተነገረኝም ሲል ተከራከረ። (ጉድለትን መርምሮ ለሻጭ የማስታወቅ ግዴታ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ስለሚገኝ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም።) ዳኛ ትሬይነር ግን ሠሪው ጉድለት ያለበትን ዕቃ ወደ ገበያ እስካወጣ ድረስ በውሉና በዋስትናው ቃል ሳይወሰን ተጠያቂ ነው አሉ። ጉዳዩ የተፈረደው በወረቀት ሳይሆን በብሎን ነው ለማለት ይቻላል።

በጥር 1975 ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት የዋስትና ሕግ ወረቀቱን ራሱን ሥርዓት አስያዘው። በጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥ ሠሪ ዋስትናው «ሙሉ» ወይስ «የተወሰነ» መሆኑን በግልጽ መጻፍ አለበት። ሙሉ ከሆነ፤ ተደጋግሞ ተጠግኖ ያልዳነውን ዕቃ መለወጥ ወይም ገንዘቡን መመለስ ግዴታው ነው። መስቀለኛ ቀስት ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት «የተወሰነ» የሚለውን ሲሆን፤ የሚጸናውም ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። አውታርና ገመድ እንደ ጎማ የሚያልቁ ናቸው ተብለው ከዋስትናው ይወጣሉ። በባዶ ማስፈንጠርም ከዋስትናው ውጭ ነው።

ይህ የመጨረሻው ስረዛ በፊዚክስ የተደገፈ ነው። ሆልስ ዊልበር አለን የተባለው አሜሪካዊ በ1969 ፓተንት ያገኘበት የባለ ፑሊ ደጋን ዘዴ ወደ መስቀለኛ ቀስት ከተሻገረ ወዲህ፤ በክንዶቹ የሚታመቀው ጉልበት እጅግ ጨምሯል። 26 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሴኮንድ 107 ሜትር ሲወጣ ወደ 150 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይዞ ይሄዳል። ፍላጻው ከሌለ ይህ ጉልበት መሄጃ ስለሌለው ወደ አውታሩ፤ ወደ ፑሊዎቹና በሙጫ ከተያያዘ የመስታወት ጭረት ወደተሠሩት ክንዶች ተመልሶ ይገባል። ከተፈቀደው የቀለለ ፍላጻም በከፊል ይህንኑ ያደርጋል፤ ጅራቱ ለአውታሩ የማይስማማ እንደ ሆነ ደግሞ አውታሩ በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል። አዳኙ ፍላጻ እንዳደረገ ይምላል፤ ክንዱ ግን በባዶ ተመትቷል።

ስለሆነም ክርክሩ የሚፈታው በመሐላ ሳይሆን በስብራቱ ነው። በሥራ ጊዜ የቀረ የአየር ቀዳዳ ወይም የመቁረጫ ጭረት ብዙውን ጊዜ አንዱን ክንድ በአንድ ስፍራ ይሰነጥቃል፤ በባዶ የተለቀቀ ደጋን ግን ሁለቱንም ክንዶች፤ አውታሩንና ፑሊዎቹን በአንድነት የመጉዳት ጠባይ አለው። ስንጥቁን ያየ ገዢ ዳግመኛ ሳይገትር፤ ራሱ ሳይፈታና ሳያጣብቅ፤ ይጠቀምበት የነበረውን ፍላጻ ጭምር አብሮ ቢልክ ለራሱ ማስረጃ ይሰበስባል። ፈትቶ የላከ ሰው ግን ማስረጃውን በገዛ እጁ አጥፍቷል።

ሠሪዎቹም ከገዢ ጋር መሟገቱ ስለሰለቻቸው ይሁን ስለ ገዢው ደኅንነት በማሰብ፤ ብዙዎቹ መልሱን ወደ ምላጩ አስገብተውታል። በዛሬዎቹ መስቀለኛ ቀስቶች ላይ ፍላጻው በስፍራው ሲገባ የምትነሣ፤ ፍላጻ ከሌለ ደግሞ ወርዳ አውታሩን የምትይዝ ትንሽ ማገጃ አለች። በቺን ምላጭ ላይ ሦስት የነበሩት ተንቀሳቃሽ ቁርጥራጮች አንድ ጨመሩ ማለት ነው። ይህች ማገጃ የፍላጻውን መኖር እንጂ ክብደቱን አትለይም፤ በዚህም ምክንያት ስለ ዝቅተኛው የፍላጻ ክብደት የሚናገረው መስመር ከዋስትናው ወረቀት ላይ ገና አልተሰረዘም።