ቀልድ ሲወረስ

እስቲ የሰፈር ልጆች ያወጡላችሁን ቅጽል ስም አስቡት። አሁን ደግሞ ያው ስም መታወቂያችሁ ላይ ተጽፎ ለልጅ ልጆቻችሁ ሲተላለፍ አስቡት! ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የቤልጂየም ደቡብ፣ በዋሎኒያ፣ የሆነው ይኸው ነው።

በመካከለኛው ዘመን አንድ መንደር ውስጥ ብዙ ዣን ካለ፣ ለመለየት ሲባል አንዱ «ለግሮ» ማለትም ወፍራሙ፣ ሌላው «ለሉ» ማለትም ተኩላው፣ ሌላው ደግሞ «ለኮክ» ማለትም አውራ ዶሮው ይባላል። የአባት ቅጽል ለልጅ ተረፈ፤ ቄሶችም በጥምቀትና በጋብቻ መዝገብ አሰፈሩት። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1795 አገሩን ጠቅልላ ስትወስድ ደግሞ ሰው በልደት መዝገቡ ካለው ስም ውጭ እንዳይጠራ የሚያዘው የ1794 ሕጓ ተከትሎ መጣ። በ1796 የመንግሥት መዝገብ ሲከፈት ቀልዱ ማኅተም ተመታበት።

እኛ ዘንድ የአባት ስም በየትውልዱ ስለሚቀየር ቅጽል ስም ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እነሱ ዘንድ ግን ቀጭኗ የለግሮ ልጅ ዛሬም «ወፍራሙ» ናት፤ ያውም በወንድ ጾታ!

እኛን የገረመን ሌላ ነው። ስሙን ጎረቤት አወጣው፣ መንግሥት አጸደቀው፤ ባለቤቱን ግን ማንም አልጠየቀውም። እናም ወገን፣ ሰው ላይ ስም ስንለጥፍ ረጋ እንበል። ማን ያውቃል፣ አንዱ ጸሐፊ ይመዘግበው ይሆናል።