532፦ ፋሲካን የሚመልሰው ቁጥር

ጎንደር በተቆረቆረችበት ዘመን፣ በ1628 ዓ.ም.፣ ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 22 ቀን ነው። ይህን ለማወቅ የድሮ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልግም። ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትን ቀን ማውጫ ስሌት፣ የተማረ ሰው ጥግ ይዞ ተቀምጦ በቃሉ ያወጣዋል።

ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት በሚቆጠረው 5500 ላይ 1628 ሲደመር 7128 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ይተውና ወንበሩ 2 ነው። 2 በ11 ሲባዛ አበቅቴው 22፤ 2 በ19 ሲባዛ 38፣ ከዚያ 30 ሲገደፍ መጥቅዑ 8። አበቅቴና መጥቅዕ ምንጊዜም ተደምረው 30 ናቸው። የፋሲካው ቀን የሚወጣው ከመጥቅዑ ተነሥቶ ነው።

ከስሌቱ ሥር ያለው ግን 532 ነው። እነዚህ የጨረቃ ቁጥሮች በ19 ዓመት ይመለሳሉ፤ የሳምንቱ ዕለትና ዓመቱ የሚሰየምበት ወንጌላዊ በ28 ዓመት ይገጥማሉ። 19ና 28 ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ሁለቱ ዑደቶች አብረው የሚመለሱት 19 ሲባዛ በ28፣ በ532 ዓመት ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። እስክንድርያዊው መነኩሴ አንያኖስም በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዘመንን በዚሁ ቆጥሯል።

ቁጥሩ ሌላም ውበት አለው። ጠጠር በባለ አምስት ጎን ቅርጽ እያሰፉ ሲደረድሩ ድምሩ 1፣ 5፣ 12፣ 22 እያለ ያድጋል፤ 19ኛው ድምር ልክ 532 ነው። የዑደቱ 19 እዚህም ብቅ ማለቱ ያስደንቃል።

14ኛው ዐቢይ ቀመር በ1948 ዓ.ም. ተፈጽሟል። የ1628 ፋሲካ ከነአበቅቴው፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሚያዝያ 22 ቀን በ2160 ዓ.ም. ይመለሳል።