የንግድ ፈቃድ አገልግሎት በአዊ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የንግድ ፈቃድ አገልግሎት ነጋዴን የመመዝገብ፣ ፈቃድ የመስጠት፣ የማደስ፣ የመለወጥና የመሰረዝ ሥራ ነው። አገልግሎቱን የሚሰጡት የከተሞችና የወረዳዎች የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ኮሶበር በሚለው ስሟም የምትታወቀው የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ፣ እንዲሁም ዳንግላና ቻግኒ በከተማ አስተዳደርነታቸው ይህን ሥራ ያከናውናሉ። ከእነሱ በላይ የዞኑ መምሪያ፣ ከመምሪያውም በላይ ባሕር ዳር የሚገኘው የአማራ ክልል ቢሮ አለ። አዊ ከተራ ዞኖች የሚለየው የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት ስላለው ነው። ይሁንና በፈቃድ ጉዳይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም፤ መሠረታዊው አዋጅ የሚወጣው አዲስ አበባ ነው፣ የወረዳው ባለሙያ ድርሻም ማስፈጸም ነው።

በነጋዴው ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ከጽሕፈት ቤቱ በፊትም ነበር። በቀድሞው ዘመን ነጋድራስ የነጋዴው አለቃ ነበር፤ ቀረጥ ደግሞ ኬላ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ዛሬ አዊ የሚባለው አገር አገው ምድር በሚል ስም ከጎጃም ግዛት ጋር ይተዳደር በነበረበት ጊዜ፣ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በከባድ ግብራቸውና ራሳቸውም በንግድ በመሰማራታቸው ይታወቁ ነበር። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የግል ነጋዴውን ካፒታል በችርቻሮ 200,000፣ በጅምላ 300,000 ብር ላይ ገደበው። ፈቃድ ያን ጊዜ በር መክፈቻ ከመሆን ይልቅ ጣሪያ ሆነ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ኢትዮጵያዊ ሁሉ በመረጠው ሥራ የመተዳደር መብት እንዳለው ደነገገ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅም በ1989 (ቁጥር 67)፣ በ2002 (ቁጥር 686) እና በ2008 ዓ.ም. (ቁጥር 980) እየተተካ ወጣ፤ የመጨረሻው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1150 ተሻሽሏል። የ2002ቱ አዋጅ ያለ ፈቃድ በሚነግድ ሰው ላይ ከ150,000 እስከ 300,000 ብር መቀጮና ከ7 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ጥሎ ነበር። ጉልት ላይ ሽንኩርት ዘርግታ የምትውል ሴት በዚህ ሚዛን ስትታይ ሕጉ ምን ያህል ከገበያው እንደራቀ ይገባል። በተግባር ግን የጽሕፈት ቤቱ የዘወትር መሣሪያ ማስጠንቀቂያና ሱቅ ማሸግ ነው።

ፈቃድ ፈላጊው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ መታወቂያ፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውልና ፎቶግራፍ ይዞ ይቀርባል። አንዳንድ ዘርፎች፣ ለምሳሌ መድኃኒት ቤት፣ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋሉ። የንግድ መዝገብ ምዝገባ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ነው፤ ፈቃዱ ግን በዘርፍ በዘርፉ ይወጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ፈቃዱን በንግድ ቤቱ በግልጽ በሚታይ ቦታ መስቀል ግዴታ ሲሆን ለሌላ ሰው ማከራየት ክልክል ነው።

ትልቁ ጫና የሚመጣው ሐምሌ ሲገባ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ እድሳቱም ከዚያን ቀን እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት፣ ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ደግሞ በቅጣት ይካሄዳል። ጊዜው ሰፊ ይምሰል እንጂ ያለ ግብር ክሊራንስ እድሳት ስለሌለ ሰልፉ በገቢዎች መስኮት ይጀምራል። በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ አከፋፈል ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነው የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ሐምሌ ሳይወጣ መክፈል ነበረበት። ሐምሌ ደግሞ በአዊ ደጋ ዝናቡ የሚበረታበት፣ ገበሬው ማሳው ላይ የሚውልበት፣ ገበያውም የሚቀዘቅዝበት ወር ነው። ነጋዴው የቁርጥ ግብር በዛብኝ ብሎ ቅሬታ ካቀረበ እድሳቱም አብሮ ይዘገያል። ፈቃድ ሰጪው ያልተመነውን ግብር ወቀሳ የሚቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

በአዊ ከሁሉ የሚያከራክረው ግን ነጋዴ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የእርሻውን ምርት የሚሸጥ ገበሬንና በእጁ ሙያ የሚተዳደር ባለሙያን ከነጋዴ አልቆጠረም ነበር። ድንቹን እንጅባራ ገበያ የሚያወርድ የባንጃ ወረዳ ገበሬም፣ ከቀርከሃ ወንበር የሚሠራ ሰውም በዚህ ሐሳብ መሠረት ፈቃድ አይጠየቁም። ከሰል ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳው ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ቆርጦ ያከስላል። ዛፉ የራሱ ሰብል ነው፤ ስለዚህ ገበሬ ነው። የጎረቤቱን ቁም ዛፍ ገዝቶ በቀን ሠራተኛ አክስሎ ለአዲስ አበባ መኪና የሚጭነው ግን ነጋዴ ነው። አንድ ሰው በአንድ ወቅት ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ከሰሉ ሲጓጓዝ የደን ውጤት የይለፍ ወረቀትም ስለሚጠየቅ፣ የንግድ ፈቃድ ብቻውን ኬላ አያሳልፍም።

ምዝገባውና እድሳቱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኢትሬድ በተባለው የበይነ መረብ ሥርዓት እንዲፈጸም ተደርጓል። ዓላማው ነጋዴው ከሱቁ ሳይነሳ እንዲጨርስ ነው፤ ስልኩ ይህን የማይችል ወይም ፎርሙን የማይረዳ ሰው ግን ሰነዱን ተሸክሞ መስኮት ላይ መቆሙ ወይም ለሌላ ሰው ከፍሎ ማስሞላቱ አልቀረም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ለወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። የ2016 በጀት ዓመት የእድሳት ወቅት በአብዛኛው ያለፈው በዚያው መካከል ነው።