ከባና ስፌት እስከ ቤተ ሙከራ፦ ተስቦና ግርሻ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚያመራው መንገድ የሚያቋርጠው አገር በስተምዕራብ በዓባይ በረሃ፣ በስተሰሜን በበሽሎ ሸለቆ የታጠረ ቀዝቃዛ ደጋ ሲሆን፣ የለጋምቦ፣ የቦረናና የሳይንት ሰው ብርዱን ሲመክት የኖረው ከበግ ጠጉር በተሠራ ባና፣ በጋቢ፣ የቆሎ ተማሪው ደግሞ በደበሎ ነው። ቀን የሚደረበውና ሌሊት የሚለበሰው ያው አንድ ልብስ በሚሆንበት፣ ውሃው ከምንጭ በእንስራ በሚቀዳበትና ማገዶው በሚቸግርበት ቤት ልብስ ቶሎ ቶሎ መቀቀል ከባድ ነው፤ በመስጊድ የሚያድረው ደረሳም ሆነ በጎጆ የሚያድረው የአብነት ተማሪ መኝታውን ከጓደኞቹ ጋር ስለሚጋራ የአንዱ ቅማል የሁሉም ይሆናል። የልብስ ቅማል የሚኖረውና ቅጫሙን የሚጥለው በልብስ ስፌትና እጥፋት ውስጥ እንጂ በገላ ላይ አይደለም፤ ወደ ገላ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የደጋው ብርድ ሰውን እንደሚያሠቃየው ሁሉ ቅማልን ያኖረዋል ማለት ስሕተት አይሆንም።

ይህ ቅማል ሁለት በሽታዎችን ያስተላልፋል። አንደኛው ተስቦ ሲሆን፣ ብርቱ ትኩሳትና ራስ ምታት የሚያስከትል፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ የሚያወጣና አእምሮን የሚያስት ነው። ሁለተኛው ግርሻ ይባላል፤ ትኩሳቱ ለቀናት ቆይቶ ከተወ በኋላ ዳግመኛ ስለሚያገረሽ ስሙን ከጠባዩ አግኝቷል። የሁለቱ መተላለፊያ ግን አንድ አይደለም። የተስቦ ጀርም በቅማሉ ኩስ ውስጥ ስለሚወጣ፣ ሰው የተነከሰበትን ሲያክ ኩሱ በተቧጨረው ቆዳ ይገባል። የግርሻ ጀርም ግን በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ተዘግቶ ይቆያል፤ የሚወጣው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው። እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ከቀሚሱ ስፌት ቅማል እየለቀመች በሁለት አውራ ጣቶቿ ጥፍር መካከል ስትደፈጥጥ፣ ከጥፍሩ ሥር ባለ ትንሽ ጭረት በሽታው ወደ ራሷ ሊገባ ይችላል። እንክብካቤዋ ራሱ አደጋ ላይ የሚጥላት መሆኑ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ክፍል ነው።

የቤተ ሙከራ ሰዎችም ይህን የተማሩት በሕይወታቸው ዋጋ ከፍለው ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ካረጋገጠ በኋላ፣ በሽታውን በሜክሲኮ ያጠና የነበረው አሜሪካዊ ሃዋርድ ሪኬትስ በ1910፣ በጀርመን የጦር እስረኞች ካምፕ ያጠና የነበረው ስታኒስላውስ ፕሮዋዜክ ደግሞ በ1915 በዚያው በሚመረምሩት በሽታ ሞቱ። የፕሮዋዜክ የሥራ ባልደረባ የነበረው ብራዚላዊው ሮሻ ሊማ ታሞ ከዳነ በኋላ በ1916 ለጀርሙ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ የሚል ስም ሰጠው። የጀርሙ ስም ስለዚህ የሁለት ሙታን መታሰቢያ ነው። ዛሬ «የሥራ ላይ ተጋላጭነት» የሚባለው፣ ማለትም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን ጋር መነካካቱ፣ ከዚህ በላይ ግልጽ ምሳሌ ሊገኝለት አይችልም።

ሠራተኛውን አስቀድሞ የመከላከል ሐሳብ በሰፊው የተሞከረውም በዚሁ በሽታ ላይ ነው። የልቮቭ ከተማው ሩዶልፍ ቫይግል የተስቦን ጀርም በቅማል አንጀት ውስጥ እያራባ ክትባት የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ። እያንዳንዱ ቅማል በአጉሊ መነጽር ሥር ተይዞ እጅግ በቀጠነ የመስታወት ቧንቧ ጀርሙ በፊንጢጣው ይገባለታል፤ ከቀናት በኋላ አንጀቱ ወጥቶ ይፈጭና ጀርሙ በፌኖል ይገደላል። ለአንድ ሰው ክትባት ወደ 100 የሚጠጋ የቅማል አንጀት ያስፈልግ ነበር። ቅማሎቹ ግን የሰው ደም ካልመጠጡ ስለማይኖሩ፣ አንድ ጎናቸው በቀጭን ወንፊት የተሸፈነ ትንንሽ ሣጥኖች በሰዎች እግር ላይ እየታሰሩ ይመገቡ ነበር፤ የታመሙትን ቅማሎች የሚመግበው አስቀድሞ የተከተበ ወይም ታሞ የዳነ ሰው ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ከተማዋ በጀርመኖች በተያዘች ጊዜ ስመ ጥሩው የሒሳብ ሊቅ ስቴፋን ባናክ ሳይቀር በቅማል መጋቢነት ተቀጥሮ ከእስራት ተርፏል። ክትባቱ ሕመሙን ሁልጊዜ ባያስቀርም ያቀልለው ነበር። ቫይግል እ.ኤ.አ. በ1939፣ ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣሊያ ተይዛ ሳለች፣ ተስቦን ለማጥናት ወደዚህ አገር መጥቶ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት የሠሩት ዶክተር ራይስ ጉትፍሮይንድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተስቦን ጀርም ከከብት ደምና ከመዥገር እንዳገኙ አሳተሙ፤ ግኝቱ ኋላ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ለደጋው ሕዝብ ይበልጥ የሚጠቅመው ሥራ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊን ተስቦንም ግርሻንም እንደሚያድን አሳየ። ሐኪም በሌለበት ቀበሌ የብዙ ቀን መድኃኒት ማዳረስ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው የዚህን ውጤት ክብደት ይረዳዋል። በግርሻ ሕክምና ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ መድኃኒቱ ጀርሞቹን በአንድ ጊዜ ሲያጠፋ፣ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና የትኩሳት መናር ይከተላል፣ የደም ግፊትም ሊወርድ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ታማሚው መድኃኒቱን ወስዶ ወዲያው ወደ ቤቱ አይላክም። መድኃኒቱ ቢኖርም፣ በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ተበትኖ ወታደሮች በየመንገዱ ሲጎርፉ ግርሻ እንደገና በወረርሽኝ መልክ ተነሥቷል።

ዛሬ በወረዳ ጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል ግርሻ የሚታወቀው ከታማሚው ጣት በተወሰደ ጠብታ ደም ነው፤ ጠብታው በመስታወት ላይ ተለቅልቆ በጂምሳ ቀለም ሲነከር፣ ጀርሙ በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል እንደ ተጠመዘዘ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል። ያ ክር ከመቅለሙ በፊት ግን ሕይወት ያለው ነው፤ ጣቱ ላይ ጭረት ያለበት ባለሙያ ያለ ጓንት ከነካው ያለ ቅማልም ሊታመም ይችላል። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ሳይመለስለት ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ የሚጣለው፣ የፈሰሰ ደም በበረኪና የሚጸዳው፣ የተወጋ ሠራተኛ ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጥቦ ወዲያው የሚያሳውቀውና ለኤች አይ ቪ የሚያሰጋ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመር የ28 ቀን መድኃኒት የሚወስደው፣ የማንም ደም በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል በሚለው በዚሁ መርሕ ነው።

ሆኖም አደጋው ሁልጊዜ እንደ መርፌ ውጊያ የሚታይ አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1976 ከልዩ ልዩ አገሮች የሰበሰባቸው የቤተ ሙከራ ሕመሞች 3,921 ሲሆኑ፣ ከታወቀ አደጋ ጋር ሊያያዙ የቻሉት ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም፤ ከቀሪዎቹ ብዙዎቹ በትንፋሽ የተሳቡ ናቸው ተብሎ ይታመናል። በዚህ ረገድ ጥበቃው በአጉሊ መነጽሩ ፊት ለተቀመጠው ብቻ ተሰልቶ፣ ወለል የሚጠርጉትና የታማሚ ልብስ የሚያነሡት የጽዳት ሠራተኞች መዘንጋታቸው ትልቅ ጉድለት ነው። ደርቆ ዱቄት የሆነ የቅማል ኩስ የተስቦን ጀርም እስከ 100 ቀን በሕይወት ሊያቆይ ስለሚችል፣ ከታማሚ የወለቀ ባና በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ወደ መቀቀያው ይወሰዳል እንጂ በበር ላይ ቆሞ አይራገፍም።