ማገር፣ ወራጅ፣ ምሰሶ፦ የቤት እንጨት ስሞች ከማንኪራ እስከ ላስታ

በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ በምትገኘው ማንኪራ ቤት ለመሥራት የተነሣ አርሶ አደር በሦስት ቋንቋ የተሰየመ እንጨት ያጋጥመዋል። ከደጁ ያለውን ዛፍ በካፊኖኖ ይጠራዋል። ከቦንጋ ገበያ የሚገዛውን የባሕር ዛፍ በአማርኛ ይጠይቃል። ጣሪያውን የሚመታለት አናጢ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላትን ይጨምርበታል። ቃላቱ በትክክል ከተግባቡ ቤቱ በታሰበው ወጪ ይቆማል። ካልተግባቡ ግን ባለቤቱ የማይፈልገውን እንጨት ገዝቶ ይመለሳል፤ አለዚያም የቀጠነ እንጨት በማይገባው ቦታ ገብቶ ጣሪያው ከጥቂት ክረምት በኋላ ይጎብጣል።

ጉዳዩ በተለይ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቶ ቦንጋ የአስተዳደር ማዕከሉ ከሆነች በኋላ፣ የከተማ ነዋሪውንም የሚነካ ሆኗል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ባለቤቱ፣ ነጋዴውና አናጢው ግን አንዱ ከዳውሮ፣ ሌላው ከሸካ፣ ሌላው ከጎጃም ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም አማርኛ ሲናገሩ እያንዳንዱ የአገሩን ቤት በልቡ ይዞ ነው።

የአማርኛው የግንባታ ስም መነሻው የደጋው ክብ ጎጆ ነው። መሬት ተቆፍሮ ዙሪያውን የሚተከሉት እንጨቶች ቋሚ ይባላሉ። ቋሚዎቹን አግድም እየተሻገረ በልጥ የሚያስራቸው ማገር ነው። በመካከል የሚቆመው ወፍራም ግንድ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ጫፍ እየተነሡ ወደ ግድግዳው አናት የሚወርዱት እንጨቶች ወራጅ ናቸው። የወራጅ ስም ራሱ ተግባሩን ይናገራል፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳልና። ወራጆቹን በክብ እየዞረ የሚያያይዘውም ማገር ይባላል፤ ስለዚህ ማገር በግድግዳም በጣሪያም አለ። ከውስጥ ቀና ብሎ ለሚያይ የሚታየው የጣሪያ ሥራ ባጥ ነው። በአናቱ ላይ ውኃ እንዳይገባ የሚደፋው ጉልላት፣ ግድግዳው በጭድና በጭቃ ሲመረግ ሥራው ምርጊት ይባላል።

እስከዚህ ድረስ ማገር፣ ወራጅና ቋሚ የቦታ ስሞች ናቸው፤ እንጨቱ በቤቱ ውስጥ የት እንደሚውል ያመለክታሉ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ ገብቶ በየከተማው ገበያ ከተዘረጋ በኋላ ግን ስሞቹ ሌላ ሥራ ያዙ። ነጋዴው እንጨቱን በውፍረቱ መድቦ ሲሸጥ የደረጃው መጠሪያ አደረጋቸው። ከሁሉ ቀጭኑ ጨፈቃ ተባለ፤ ከዚያ ማገር፣ ከዚያ ወራጅ፣ ቋሚና አጣና እያለ ይሄዳል። በዚህ አነጋገር ማገር ማለት የግድ ግድግዳ የሚያስር እንጨት ሳይሆን የማገር ያህል የሚወፍር እንጨት ነው። አንድ ሰው «ለወራጅ የሚሆን ማገር» ብሎ ሲጠይቅ ነጋዴው አይገረምም፤ የአገር ቤት አናጢ ግን ነገሩ ተቃርኖ ይሆንበታል።

የዚህ ለውጥ ጉዳት የሚታየው ደረጃው በሁሉም ከተማ አንድ አለመሆኑ ላይ ነው። አንዱ ገበያ ወራጅ ብሎ የሚሸጠውን ሌላው ማገር ብሎ ሊያቀርበው ይችላል። እንጨቱ ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ስለሆነ ከሥሩ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ለወፍራሙ ከፍሎ ጭነቱን በቀጭኑ ጫፍ ያሸክማል። ልምድ ያላቸው አናጢዎች በጫፉ የሚለኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስሞች ከቦታቸው መንቀሳቀሳቸው ግን ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 በዓይን ውስጥ ስላለው ጉድፍና ትልቅ እንጨት በሚናገረው ክፍል የግዕዙ ቃል ሠርዌ ነው፤ የአማርኛው ትርጉም ምሰሶ ብሎታል። የግሪኩ ቃል ግን የሚያመለክተው ጣሪያን የሚሸከም አግዳሚ ግንድ ነው። ምሰሶ ቆሞ ይሸከማል፣ አግዳሚ ተጋድሞ ይሸከማል። ለሰባኪው ልዩነቱ ብዙም አያሳስብም፤ ለአናጢው ግን ቤት የሚያፈርስ ልዩነት ነው።

ምሰሶ በየቋንቋው ከእንጨትነት ያለፈ ክብር አለው። በአፋን ኦሮሞ ኡቱባ፣ በትግርኛ ዓንዲ ይባላል። በአማርኛ የቤተሰብ መከታ የሆነ ሰው የቤቱ ምሰሶ እንደሚባል ሁሉ በእነዚህም ቋንቋዎች ቃሉ ለሰው ይሰጣል። የሚያስገርመው ዛሬ በከተማ የሚሠራው ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ቤት የመካከል ምሰሶ የሌለው መሆኑ ነው። ጣሪያው በሦስት ማዕዘን ተገጣጥሞ ከግድግዳ ግድግዳ ይዘረጋል፤ ጭነቱም ወደ ጎን ግድግዳዎች ይወርዳል። ቃሉ በምሳሌያዊ ንግግር ቀርቶ ነገሩ ከቤቱ ወጥቷል።

ካፊኖኖ ከአማርኛ የራቀ የኦሞአዊ ቤተሰብ ቋንቋ ነው። ቤት በካፊኖኖ ኬጦ ይባላል፤ በወላይትኛ ኬታ ከሚለው ጋር ዝምድናው በግልጽ ይሰማል። ዛፍና እንጨትም እንዲሁ በካፊኖኖ ሚቶ፣ በወላይትኛ ሚታ ነው። ከወላይታ የመጣ አናጢ በካፋ ገጠር ሥራ ሲይዝ ከጎጃም ከመጣው ባልንጀራው ይልቅ ቶሎ የሚግባባባቸው ቃላት እንዳሉት ከእነዚህ ሁለቱ ብቻ መገመት ይቻላል።

የካፋ ቤት በቁሳቁሱም ይለያል። ደጋው በልጥ የሚያስረውን የደን አገር በሐረግ ያስራል፤ የእንሰት ቃጫም ገመድ ይሆናል። እንደ አዲዮ ባሉ ከፍ ያሉ ቦታዎች ሺናቶ፣ ማለትም ቀርከሃ፣ ለግድግዳም ለጣሪያም ይውላል። ቀርከሃ ተሰንጥቆ ሲጠለፍ አጥርና ግድግዳ ስለሚሆን «ማገር የቱ ነው፣ ቋሚ የቱ ነው» የሚለው ጥያቄ ራሱ ይደበዝዛል፤ ሽመናው ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዟቸዋል። የአማርኛውን ስም በዚህ ዓይነት ቤት ላይ በግድ መለጠፍ ሥራውን አለማወቅ ነው።

ወደ ሰሜን ሲኬድ ቤቱም ስሙም ይለወጣል። በአማራ ክልል ብዙ አካባቢዎች ከክቡ ጎጆ የሚለየው ባለ አራት ማዕዘን ቤት ሰቀላ ይባላል። በትግራይ ሕድሞ በድንጋይ ግድግዳ ላይ ግንዶች ተጋድመው አፈር የሚለብስ ጠፍጣፋ ጣሪያ አለው፤ እዚያ ወራጅ የሚባል ነገር አያስፈልግም፣ የሚወርድ የለምና። በጥንታዊው የአክሱም አሠራር ደግሞ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ ይነባበራሉ፤ ግድግዳውን አቋርጠው በውጭ ብቅ የሚሉት የእንጨት ጫፎች የዝንጀሮ ራስ ይባላሉ። ይህን በትግራይ በደብረ ዳሞ ማየት ይቻላል፤ በላስታ ይምርሐነ ክርስቶስም ያው የእንጨትና የድንጋይ ድርድር በግድግዳው ላይ በግልጽ ይታያል።

ከቤቱ ክፍሎች ስም ይልቅ ችግር የሚያመጣው የዛፎቹ ስም ነው። በአማርኛ ዋንዛ የሚባለው በካፊኖኖ ዲኦ፣ በአፋን ኦሮሞ ወዴሳ ነው። ብሳና በካፊኖኖ ዋጎ፣ በአፋን ኦሮሞ በከኒሳ ይባላል። ዶቅማ በካፊኖኖ ይኖ፣ በአፋን ኦሮሞ ባዴሳ ነው። እነዚህ እርስ በርስ ስለማይመሳሰሉ ሰው ይጠይቃል እንጂ አይሳሳትም። አደገኛዎቹ የሚመሳሰሉት ናቸው። አማርኛው ብርብራ የሚለው ዛፍ ፍሬው ተወቅጦ ዓሣ የሚያደነዝዘው ሲሆን፣ በአፋን ኦሮሞ ብርብርሳ የሚባለው ግን ዝግባ ነው። ከጅማ በኩል የመጣ ሳንቃ በስሙ ብቻ ሲገዛ አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ ዛፉን ማየት ይበጃል።

የዛፉን ስም በትክክል ማወቅ ከሕግም ጋር ይገናኛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን በስማቸው ጠርቶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ልዩ ጥበቃ ሰጥቷቸው ነበር። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። በካፋ በኩል እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አለ፤ በዋናው ጥብቅ ክልል እንጨት አይቆረጥም። የማንኪራን የቡና ደን ላሳደገ አካባቢ የጥላ ዛፍ ከቤት ምሰሶ የበለጠ ዋጋ አለው። ስለዚህ ለግንባታ የሚውለው እንጨት እያደር ከደን ወደ ባሕር ዛፍ ማሳ ሲዞር የካፊኖኖ የዛፍ ስሞች ከአናጢው አፍ እየወጡ የገበያው ማገርና አጣና ይተኳቸዋል።

ሦስተኛው የስሞች ጅረት ጣሊያንኛ ነው። ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮርኒስ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ስኳድራ የሚሉት ከዚያ የመጡ ናቸው፤ በተለይ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የተስፋፋው የግንባታ ሥራ አጽንቷቸዋል። ሞራሌ በመጋዝ ባለ አራት ማዕዘን ተደርጎ የተሰነጠቀ እንጨት ነው፤ 5 በ7 ወይም 4 በ5 ሳንቲ ሜትር እየተባለ በልኩ ይጠራል። እዚህ ላይ የውጭው ቃል ከአገሩ ይሻላል ማለት ይቻላል፤ ልኩን አብሮ ይዟልና። ኮርኒስ ግን በተቃራኒው በጣሊያንኛ የግድግዳና የጣሪያ ጠርዝ ጌጥ ሲሆን በአማርኛ መላውን የውስጥ ጣሪያ ሆኗል፤ ባጥ የሚለውንም ቃል ከከተማ ቤት አስወጥቶታል።

የበሩ ስሞች እንኳ ሊረሱ ተቃርበዋል። ግራና ቀኙ መቃን፣ ከላይ የሚጋደመው ጉበን ነው፤ ዛሬ ሁለቱም ተጠቅልለው ፍሬም ይባላሉ። አናጢ ጉበኑን አሳንሶ ሲሠራ ባለቤቱ «ፍሬሙ ችግር አለው» ከማለት በቀር የትኛው ክፍል መለወጥ እንዳለበት ሊናገር አይችልም።

ሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ለሚቀይር ሰው ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሣር ውኃው ሳይሰርግ እንዲወርድ እጅግ ቁልቁል ጣሪያ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ጋደል ያለም ይበቃዋል። ስለዚህ የድሮውን ወራጅ ቁመት ለአናጢ መንገር ለአዲሱ ጣሪያ አይሠራም። ሣር ከባድ ነው፣ ቤቱን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ቆርቆሮ ቀላል ነው፣ ነፋስ ወደ ላይ ያነሣዋል። በቆርቆሮ ቤት ማገሩ ከወራጁ ጋር፣ ወራጁም ከግድግዳው ጋር በምስማርና በሽቦ በሚገባ መያያዝ ያለበት ለዚህ ነው። ቆርቆሮው ራሱ የሚሸጥበት ጌጅም ያሳስታል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35 ጌጁ ከባለ 28ቱ የቀጠነ ነው።

ከአናጢ ጋር ውል የሚጽፍ ሰው «40 ወራጅ» ብሎ ከሚጽፍ፣ እንጨቱ በቤቱ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ፣ ርዝመቱን በሜትር፣ የቀጭኑን ጫፍ ውፍረት በሳንቲ ሜትር፣ የዛፉንም ስም በአማርኛና በካፊኖኖ ቢያስቀምጥ፣ ነጋዴው ከየትም ይምጣ፣ አንድ ዓይነት እንጨት ይደርሰዋል።