ስልጆና አዚፋ፦ የጉለሌ የጾም ገበታ ታሪክ

በሜድትራንያን ባሕር ዙሪያ የሚኖሩ ሕዝቦች የተቀቀለ ጥራጥሬን በሎሚ፣ በዘይትና በቅጠላ ቅጠል ለውሰው ሲመገቡ እንደኖሩ ሁሉ፣ በአዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ግርጌ በምትገኘው ጉለሌም ይህን የሚመስሉ ሁለት ምግቦች ከጾም ሥርዓት ጋር ተሳስረው ኖረዋል። አንደኛው አዚፋ፣ ማለትም ተቀቅሎና ተደቁሶ በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተለውሶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ ድፍን ምስር ነው። ሁለተኛው ስልጆ ሲሆን፣ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተበጥብጦ ከበሰለ በኋላ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ገብቶበት ለቀናት እንዲብላላ በመተው ይዘጋጃል።

የእነዚህ ምግቦች ሥር ከከተማይቱ ዕድሜ በእጅጉ ይርቃል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው የላሊበላ ዋሻ በተደረገ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ 2,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የባቄላና የሽምብራ ፍሬዎች ተገኝተዋል። የግዕዙ «ሰናፔ» ከግሪኩ «ሲናፒ» ጋር የተዛመደ ቃል መሆኑ፣ በየጓሮው የሚተከለው ጤና አዳምም የሜድትራንያን ዳርቻ ተክል መሆኑ፣ የሁለቱ አካባቢዎች ገበታ ከጥንት ጀምሮ የተገናኘ እንደነበር ያመለክታሉ።

ስሟን ከጉለሌ ኦሮሞ ጎሳ የወረሰችው ጉለሌ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የቤተ መንግሥቱ መቀመጫ ከነበረው ከእንጦጦ ተራራ ሥር ነበረች። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያዘጋጁትን ታላቅ ግብር የዜና መዋዕል ጸሓፊው በዝርዝር አስፍሮታል፤ የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካንም ለኢትዮጵያ ብሔራዊ የምግብ ጥበብ መፈጠር እንደ ዐቢይ ምዕራፍ ይቆጥረዋል። ግብሩ በቀለም ተጽፎ ሲቆይ፣ ረቡዕንና ዓርብን፣ እንዲሁም 55 ቀን የሚዘልቀውን ሁዳዴን የሚጾመው ምእመን ገበታ ግን በአብዛኛው ከእናት ወደ ልጅ በእጅ ሙያ ተላልፏል። ሥጋና ወተት በሚከለከልበት በዚህ ረጅም ወቅት ጥራጥሬው ገንቢ ምግብ ሲሆን፣ ማብላላቱ ስልጆው ሳይበላሽ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ሰናፍጩና ጤና አዳሙም ጣዕምና መዓዛ ይሰጡታል። በዚያው በጉለሌ የሚገኘው፣ ዛሬ በሀገር ባህል ልብስ ገበያነቱ የሚታወቀው ሽሮ ሜዳም የጥራጥሬ ምግብን ስም እንደያዘ አለ።

ስለዚህ የጉለሌ ታሪክ ከቤተ መንግሥቱና ከግብሩ ባሻገር በስልጆው ማሰሮም ሊጠና ይገባዋል። ሙያውን የሚያውቁ እናቶች በሕይወት ሳሉ አሠራሩን ከአፋቸው ተቀብሎ መመዝገብ የዚህ ትውልድ ድርሻ ነው።