ቤት-ሠራሽ የኢንሱሊን ማስተካከያ ሥርዓቶች

ቤት-ሠራሽ የኢንሱሊን ማስተካከያ ሥርዓት የሚባለው፣ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወይም ቤተሰቦቻቸው የስኳር መለኪያ ሴንሰርንና የኢንሱሊን ፓምፕን በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌር አገናኝተው የኢንሱሊኑ መጠን በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርጉበት ዘዴ ነው። ሴንሰሩ ከቆዳ ሥር ሆኖ በየ5 ደቂቃው ስኳርን ይለካል፤ ፓምፑ ደግሞ ቀንና ሌሊት ኢንሱሊን ይሰጣል። ለረጅም ጊዜ ግን ሁለቱ መሣሪያዎች አይነጋገሩም ነበር። በመካከላቸው ሆኖ የሚያሰላው ሕመምተኛው ራሱ ነበር። በእንቅልፍ ሰዓት ግን የሚያሰላ አልነበረም፤ ሌሊት የወረደ ስኳር ደግሞ ሕይወት ይቀጥፋል።

የመጀመሪያው ጥረት ቁጥሩን ለማየት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ዮርክ ግዛት የሚኖረው የሶፍትዌር መሐንዲስ ጆን ኮስቲክ፣ የትንሽ ልጁን ስኳር ከሥራ ቦታው ሆኖ መከታተል ፈለገ። ቁጥሩ የሚታየው ግን ከልጁ በማትለይ አነስተኛ መቀበያ ላይ ብቻ ነበር። አባትየው መቀበያዋ ከኮምፒውተር ጋር የምትግባባበትን መንገድ ደርሶበት ቁጥሩን ወደ ኢንተርኔት አሻገረው። ናይትስካውት የተባለው የክትትል ሥርዓት መነሻው ይህ ነው።

በሲያትል ከተማ የምትኖረው ዳና ሉዊስ ችግሯ የደወል ነበር፤ ስኳሯ ሌሊት ሲወርድ የሴንሰሯ ማንቂያ ከእንቅልፏ አይቀሰቅሳትም ነበር። የኮስቲክን ኮድ ስታገኝ ከአጋሯ ከስኮት ላይብራንድ ጋር ሆና ጠንከር ያለ ደወል ሠራች። ቀጥለው ስኳሩ ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ የሚገምት ስሌት ጻፉ። በ2014 መጨረሻ ስሌቱ ፓምፑን በቀጥታ ማዘዝ ጀመረ፤ በ2015 ደግሞ ንድፉን ኦፕንኤፒኤስ ብለው ለሁሉም በነጻ ለቀቁት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን፣ ኤፍዲኤ፣ ይህን የመሰለ የፋብሪካ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደው በ2016 ነው።

ፓምፑን ማዘዝ የተቻለው በደኅንነት ክፍተት በኩል ነው። የቀድሞዎቹ የሜድትሮኒክ ኩባንያ ፓምፖች ያልተመሰጠረ የሬዲዮ ትእዛዝ ይቀበላሉ። ራሱ የስኳር ሕመምተኛ የሆነው የደኅንነት ተመራማሪ ጄይ ራድክሊፍ በ2011 ላስ ቬጋስ ውስጥ የገዛ ፓምፑ ከውጭ ሊታዘዝ እንደሚችል አሳይቷል። ቤን ዌስት የተባለ ፕሮግራመር በበኩሉ የፓምፖቹን የሬዲዮ ቋንቋ ዓመታት ፈጅቶ ፈታው። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ይህን በር ስለዘጉት፣ ዋስትናቸው ያለፈ አሮጌ ፓምፖች እየታደኑ ይገዙ ጀመር። በ2019 እነዚህ ፓምፖች በክፍተቱ ምክንያት እንዲመለሱ ጥሪ ተደረገ። ለአምራቹ ጉድለት የሆነው ነገር ለተጠቃሚዎቹ የሌሊት እንቅልፍ ነበር።

የኦፕንኤፒኤስ ትልቁ ብልኃት ጥንቃቄው ነው። የቀድሞው ቅንብር ራስበሪ ፓይ የተባለች ትንሽ ኮምፒውተር፣ ባትሪና የሬዲዮ ስቲክ ነበር። ስኳር መውረድ ሲጀምር ኮምፒውተሯ ፓምፑን «ለ30 ደቂቃ አቁም» ትለዋለች፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ አዲስ ቁጥር አይታ ትእዛዟን ታድሳለች ወይም ትሽራለች። ባትሪዋ ቢያልቅ ወይም ግንኙነቱ ቢቋረጥ፣ ጊዜያዊው ትእዛዝ ሲያበቃ ፓምፑ ቀድሞ ወደተሞላለት መደበኛ መጠን ይመለሳል። ማለትም ሥርዓቱ ሲበላሽ ሰውዬው የሚገኘው ፓምፑን ብቻ ይጠቀም በነበረበት ሁኔታ ላይ ነው። ይህ የታሰበበት ንድፍ ነው፤ ብዙ ሰው «ሃክ» ሲባል ከሚገምተው ግዴለሽነት ጋር አይገናኝም።

ኋላ ለአይፎን ሉፕ፣ ለአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ አንድሮይድኤፒኤስ መጡ። ኮዱ በነጻ ቢገኝም፣ መተግበሪያውን እያንዳንዱ ተጠቃሚ መመሪያ እየተከተለ ራሱ ይገነባል፤ ያልተፈቀደ የሕክምና መሣሪያ ሠርቶ ማደል በሕግ ያስጠይቃልና።

አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ያልተፈቀደ ቅንብር ይጠቀም የነበረ አንድ ሰው ከመጠን ያለፈ ኢንሱሊን ገብቶበት ሕክምና በማስፈለጉ፣ ኤፍዲኤ በግንቦት 2019 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሌላ በኩል በኒው ዚላንድ 97 ልጆችና አዋቂዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2022 የታተመው የ24 ሳምንት ጥናት የአንድሮይድኤፒኤስን ስሌት ፈትኗል። ተጠቃሚዎቹ ስኳራቸው ከ70 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ከንጽጽሩ ቡድን በ14 የመቶኛ ነጥብ በለጠ፤ ይህም በቀን ከ3 ሰዓት በላይ ነው። በሁለቱም ቡድኖች ከባድ የስኳር መውረድ አልታየም። በጥር 2023 ደግሞ ከሉፕ የተወሰደው ታይድፑል ሉፕ የኤፍዲኤን ፈቃድ አገኘ።